ከቀዶ ጥገና በፊት ሲጋራን ማቆም፦ የነርሶች እርዳታና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ዛሬ በጤና ዙሪያ የምናነሣው ርዕስ በጉባኤ መካከል ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው።

እንዲህ ያለውን ሁኔታ እናስብ። በውጭ አገር የሚኖር አንድ ወንድም ለዳሌ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞለታል። ከቀጠሮው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ወደ ሆስፒታሉ ተጠርቶ አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ ትጠይቀዋለች። ምን መድኃኒት ይወስዳል? የማይስማማው ነገር አለ ወይ? ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ያውቃል? ቀጥላም «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ትለዋለች። አጠገቡ ሊያስተረጉምለት የመጣው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተቀምጧል። ወንድማችን ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ሲያጨስ የኖረ ሰው ነው። ሆኖም «አላጨስም» ብሎ ይመልሳል። ነርሷም መልሱን ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች።

በዚያች ቅጽበት አንድ በር ተዘጋ። ይህች ነርስ እውነቱን ብታውቅ ኖሮ በእጇ ጥሩ እርዳታ ነበራት። በዚህ ጽሑፍ ሲጋራ በቀዶ ጥገና ላይ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ፣ ነርሶች እንዴት እንደሚረዱ፣ በመጨረሻም እኛ ምእመናን በዚህ ጉዳይ ምን ማድረግ እንደሚገባን እንመለከታለን።

ሲጋራ በቀዶ ጥገና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በሲጋራ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህንን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በአጫሹ ደም ውስጥ ለኦክስጅን የተዘጋጀውን ቦታ መርዘኛው ጋዝ ይወስድበታል። ኒኮቲን ደግሞ የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችንም ያጠብባል። እንግዲህ ልብ ብዙ ኦክስጅን በምትፈልግበት ሰዓት የሚደርሳት ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ሰመመን ለሚሰጠው ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት በሳንባ ላይ ነው። በመተንፈሻ ቱቦዎች ውስጥ አክታንና ቆሻሻን ወደ ላይ እየጠረጉ የሚያወጡ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። ሲጋራ እነዚህን ያደክማቸዋል፤ አክታውንም ያበዛዋል። በሰመመን ተኝቶ የነበረ፣ ከዚያም ቁስሉ እያመመው በደንብ ማሳል የማይችል ሰው አክታው በሳንባው ውስጥ ከተጠራቀመ ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

ሦስተኛው ጉዳት በቁስል ላይ ነው። ቁስል የሚሽረው ደም ኦክስጅንና ምግብ ሲያደርስለት፣ ነጭ የደም ሴሎችም ተሕዋስያንን ሲዋጉለት ነው። ሲጋራ ሁለቱንም ያዳክማል። በዚህም ምክንያት በአጫሾች ላይ ቁስል መመርቀዝ፣ የተሰፋው መከፈት፣ የተሰበረ ወይም የተቆረጠ አጥንት ቶሎ አለመግጠም በብዛት ይታያል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎች ተደርገው ተመርምረዋል። በአጫሾቹ ላይ ከተደረጉት ቁስሎች 12 በመቶ የሚሆኑት ሲመረቅዙ አጭሰው በማያውቁት ላይ ግን 2 በመቶ ብቻ ነበር። ለአራት ሳምንታት ሲጋራ ያቆሙት ሰዎች ቁስል ደግሞ ማጨስ ከቀጠሉት ያነሰ መረቀዘ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት የተጎዳ አካል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታደስ ይጀምራል። ፈጣሪያችን በሰውነታችን ውስጥ ያስቀመጠው የመዳን ኃይል ድንቅ ነው!

አንዲት ነርስ በየሳምንቱ ብታገኛቸው

በ2002 እ.ኤ.አ. በታዋቂው ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ በዴንማርክ የተደረገ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በጥናቱ የተካተቱት የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ ሊተካላቸው የተዘጋጁ 120 አጫሾች ነበሩ። ሕመምተኞቹ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። የቀሩት ግማሾች ደግሞ ቀዶ ጥገናው ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ሲቀረው ጀምሮ በየሳምንቱ ከአንዲት ለዚሁ ሥራ ከተመደበች ነርስ ጋር እየተገናኙ ምክር ተቀበሉ፤ የኒኮቲን ምትክ መድኃኒትም ተሰጣቸው።

ነርሷ ካገኘቻቸው 60 ሰዎች መካከል 36ቱ ሲጋራ አቆሙ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በታየው ውጤት ነርሷ ከረዳቻቸው መካከል አንድ ዓይነት የጤና ችግር የገጠማቸው 18 በመቶ ሲሆኑ፣ እርዳታውን ካላገኙት መካከል ግን 52 በመቶ ነበሩ። ከቁስል ጋር የተያያዘ ችግር ብቻ ሲታይ ደግሞ 5 በመቶ በ31 በመቶ ነው። ሐኪሞቹ፣ ቢላዋውና አልጋው ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በየሳምንቱ የተደረገው ምክርና ክትትል ነው።

ከዚህ ጥናት ሌላም ትምህርት ይገኛል። ጥቅሙን ያገኙት በተለይ ፈጽመው ያቆሙት ናቸው። የቀነሱት ሰዎች በቁስላቸው ላይ የጎላ ለውጥ አላዩም። ስለዚህ «ከአንድ ፓኮ ወደ አምስት ሲጋራ አውርጃለሁ» የሚል ሰው ጥሩ ጅምር ቢሆንለትም ለቀዶ ጥገናው ግን በቂ አይደለም።

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የተደረገውና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ነው። ለእበጥ፣ ለሐሞት ከረጢት፣ ለዳሌና ለጉልበት ቀዶ ጥገና የተዘጋጁ 117 ሰዎች ተካፍለውበታል። እርዳታው የተጀመረው ቀዶ ጥገናው አራት ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ሠልጥና የነበረችው ነርስ በአካልም ሆነ በስልክ በየሳምንቱ ታገኛቸው ነበር። በተረዱት ላይ 21 በመቶ፣ ባልተረዱት ላይ 41 በመቶ ችግር ደረሰ።

«በእኛ ሆስፒታል ነርሶች እንዲህ ያለ ጊዜ የላቸውም» የሚል ይኖራል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከካናዳ የወጣ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በዚያ ነርሶቹ በቅድመ ምርመራ ክፍል አጭር ምክር ሰጡ፣ ጽሑፍ አደሉ፣ ሕመምተኛውን በስልክ ምክር ከሚሰጥ አገልግሎት ጋር አገናኙት፣ ለስድስት ሳምንት የሚሆን የኒኮቲን ልጥፍም በነጻ ተሰጠው። በቀዶ ጥገናው ዕለት አቁመው የተገኙት 14 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ይህን ካላገኙት መካከል 4 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ከሳምንታዊው እርዳታ ያነሰ ነው፤ ሆኖም የጥቂት ደቂቃ ቃል እንኳ በከንቱ አልቀረም።

ነርሷ ምን ታደርጋለች?

በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች የሚከተሉት አካሄድ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም መጠየቅ፣ መምከር፣ ዝግጁነትን መመዘን፣ መርዳትና መከታተል ናቸው።

1. መጠየቅ። ነርሷ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ትጠይቃለች። ሽማግሌ ነው፣ ሴት ናት፣ ሃይማኖተኛ ይመስላል ብላ አታልፍም። የምትጠይቀውም ለመፍረድ ሳይሆን ለማወቅ ነው። በአንዳንድ ቦታ ወደ ትንሽ መሣሪያ በማስተንፈስ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ትለካለች። ይህ መሣሪያ ውሸትን ለማጋለጥ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ቁጥሩ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሲወርድ በዓይኑ አይቶ ይበረታታል።

2. መምከር። ምክሯ ግልጽና ለዚያ ሰው የተስማማ ነው። «ሲጋራ መጥፎ ነው» ማለት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። «አሁን ቢያቆሙ የዳሌዎ ቁስል ቶሎ ይድናል፤ ከሆስፒታልም ቶሎ ወደ ቤትዎ ይገባሉ» ማለት ግን ጆሮ ያስከፍታል።

3. መመዘን። ሰውየው ለማቆም ምን ያህል ዝግጁ ነው? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል? ያኔ ምን መለሰው? ጠዋት ከእንቅልፉ በተነሣ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ ይለኩሳል? ገና ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ ሰው ሱሱ የበረታ ነው፤ እርዳታውም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት።

4. መርዳት። ከሕመምተኛው ጋር ሆና የማቆሚያ ቀን ትቆርጣለች። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም እንደ ማስቲካ የሚታኘክ የኒኮቲን ምትክ መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ታስረዳለች፤ ሌሎች መድኃኒቶች ካስፈለጉም ወደ ሐኪም ትመራዋለች። የሲጋራ አምሮት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያልፍ ታስተምረዋለች። በዚያች ሰዓት ውኃ መጠጣት፣ በጥልቀት መተንፈስ፣ ከቦታ መነሣት፣ ሥራ መያዝ ይረዳል። የቡና ሰዓት፣ የምግብ ማግስት፣ ከአጫሽ ወዳጆች ጋር መቀመጥ የፈተና ሰዓቶች ስለሆኑ አስቀድሞ ይታሰብባቸዋል። ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣትና የሐሳብ መበታተን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታሉ፤ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ።

5. መከታተል። ይህ የሥራው ልብ ነው። ነርሷ ደግማ ትደውላለች፣ ደግማ ትቀጥረዋለች። ቢወድቅ «እንዲህ ነበር የምጠብቀው» አትለውም፤ ምን እንደጣለው አብራው ትመረምራለች፣ አዲስ ቀንም ይቆርጣሉ።

«አሁንማ ዘግይቷል» ለሚሉ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ቀዶ ጥገናው አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቀረው ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር ይቀንሳል፤ ከአራት ሳምንት በኋላም እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ጥቅሙን ያሳድገዋል። ስለዚህ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ እንደተያዘ ወዲያው መጀመር ይሻላል።

ቀኑ ቀርቦ ቢሆንስ? ቀድሞ አንዳንድ ባለሙያዎች «ጥቂት ቀን ሲቀረው ማቆም አክታን ያበዛል፣ ይጎዳል» ብለው ይፈሩ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራ ግን ለዚህ ፍርሃት ማስረጃ አላገኘለትም። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ የተሻለው ጊዜ ቢያልፍም ማቆም ከማጨስ ይሻላል። አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ያለበት ሰው ግን ሲጋራ እስኪያቆም ብሎ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ለምን ነርሶች?

ቀዶ ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጋር የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። በር ላይ የምትቀበለው፣ ቁስሉን የምታጥበው፣ ሌሊት ሲያቃስት የምትደርስለት፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ የምትመክረው ነርስ ናት። ሰው ለሐኪም የማይነግረውን ለነርስ ይነግራል።

ይህ ሙያ ከወንጌላውያን ታሪክ ጋርም የተሳሰረ ነው። በ1836 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ፍሊድነር የሚባል የሉተራን መጋቢ ከባለቤቱ ከፍሪዴሪከ ጋር በጀርመን አገር በካይዘርስቨርት ሕሙማንን የሚያገለግሉ ዲያቆናዊት እህቶችን የሚያሠለጥን ቤት ከፈተ። ኋላ የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የተባለችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 እ.ኤ.አ. ለሦስት ወራት ያህል ትምህርት የቀሰመችው በዚያ ቤት ነው።

ነርሶች ራሳቸውም ከዚህ ሱስ ጋር ታግለዋል። በአሜሪካ በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ከ120 ሺህ በላይ ሴት ነርሶችን የተከታተለው ጥናት ሲጀምር ከሦስቱ አንዷ ያህል ታጨስ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ እጅግ አሽቆልቁሏል። በ2000ዎቹ መጀመሪያም በሊንዳ ሳርና መሪነት ነርሶችን ራሳቸውን ከትምባሆ ለማላቀቅና ሕሙማንን እንዲረዱ ለማብቃት አንድ አገር አቀፍ እንቅስቃሴ ተጀምሯል። በዚያው መንገድ ያለፈች ነርስ ለሚታገለው ሰው እንዴት እንደምትራራለት መገመት አያዳግትም።

ስለ አገራችን

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአዋቂዎች 5 በመቶ የሚሆኑት ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ከወንዶች 8 በመቶ ያህሉ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ አነስተኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ውስጥም ማጨስን ይከለክላል። ነገር ግን «ሲጋራ አላጨስም» የሚል ሰው ሺሻ፣ ጋያ ወይም ሱረት ይጠቀም ይሆናል። ለነርሷ ሲነገር እነዚህም አብረው መነገር አለባቸው። ሺሻ በውኃ ውስጥ ስላለፈ ንጹሕ ነው የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጭሱ ውስጥ አለ።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ስለ ራሳችን በግልጽ እንነጋገር። በቤተ ክርስቲያናችን ሲጋራ ማጨስ የተወገዘ ነው። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19) ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ብዙዎችንም ገና ሳይጀምሩ ጠብቋቸዋል። ነገር ግን በሱስ ተይዞ የሚታገለውን ወንድም ወይም እህት ከጉባኤ ዓይን መሸሸግን ብቻ ካስተማርነው የተሸሸገው ሱስ በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ይጠብቀዋል። ለነርሷ የዋሸው ነርሷን ፈርቶ አይደለም፤ እኛን ፈርቶ ነው።

መልካሙ ሳምራዊ (ሉቃስ 10) በመንገድ የወደቀውን ሰው ለምን በዚያ መንገድ እንደሄደ አልጠየቀውም። ቁስሉን አሰረለት፣ አሳደረው፣ ለነገውም ወጪውን ሸፈነለት፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናገረ። የነርሷ ክትትል ይህንን ይመስላል። ጳውሎስም በገላትያ 6 በስሕተት የተገኘውን ሰው በየዋህነት መንፈስ እንድናቀና፣ አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም ያዝዘናል። እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ?

• ቀዶ ጥገና ለሚጠብቀው፦ ለነርሷና ሰመመን ለሚሰጠው ባለሙያ እውነቱን ይንገሩ። የሚነግሯቸውን በምሥጢር የመያዝ የሙያ ግዴታ አለባቸው። የሚያስተረጉምልዎ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ካሳፈረዎ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲመጣልዎ ይጠይቁ፤ በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ይህን ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው።

• ለሚያስተረጉሙ፦ ጥያቄው ሲደርስ «ብትፈልግ ውጭ ልጠብቅ» ማለት ታላቅ ፍቅር ነው። የሰሙትንም በዚያው ይተዉት፤ ለጸሎት ርዕስ ተብሎም እንኳ ያለ ፈቃዱ ለሌላ አይነገር።

• ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች፦ ታማሚን ስትጎበኙ ስለ ቁስሉ እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለ ትግሉም በየዋህነት ጠይቁ። የኒኮቲን ልጥፍ መጠቀም የእምነት ጉድለት አይደለም። ጌታ በአንድ ጸሎት ነጻ ያወጣቸው አሉ፤ ስለ እነርሱ እናመሰግናለን። በመድኃኒትና በምክር እየታገዘ በየቀኑ የሚያሸንፈውም የሚያሸንፈው በዚያው ጌታ ጸጋ ነው።

• በሙያው ላይ ላላችሁ ክርስቲያን ነርሶች፦ በየቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ናችሁ። የሠለጠናችሁበትን ይህን እውቀት ለጉባኤያችሁ አካፍሉ። አንድ ሰው ቀጠሮ ሲያዝለት በየሳምንቱ ደውሎ «ይህ ሳምንት እንዴት ነበር?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላስ?

በዴንማርክ ጥናት ነርሷ ከረዳቻቸው መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ እንዳቆሙ የተገኙት 22 በመቶ ነበሩ፤ ካልተረዱት መካከል 3 በመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሆኖም ካቆሙት መካከል ብዙዎቹ ተመልሰው እንደጀመሩም ያሳያል። ሆስፒታሉ ሕመምተኛውን አሰናብቷል፣ ነርሷም ወደ ሌላው ሕመምተኛ ዞራለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት አብሮት የሚቆየው ማን ነው? ቤተሰቡና ጉባኤው ነው። በየሳምንቱ የምንገናኝ ሕዝብ ስለሆንን ለሳምንታዊ ክትትል ከእኛ የተሻለ ማን አለ?

በመግቢያችን ወደጠቀስነው ወንድም እንመለስ። ነርሷ ስትጠይቀው ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከክፍሉ ቢወጣ፣ ወንድማችንም «አዎ፣ አጨሳለሁ፤ ለማቆምም እፈልጋለሁ» ብሎ ቢመልስ ለቁስሉ መዳን የሚሆኑት ሳምንታት በዚያች ቀን ይጀምሩለት ነበር።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ ስለሆነ የሐኪምን ምክር አይተካም። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ወይም ነርስዎን ያማክሩ።

ጌታ በሱስ የሚታገሉትን ሁሉ ያግዝ፤ ለእኛም የሚራራ ልብ ይስጠን።